ሦስቴ የተከለሰው የየኔታ ቤት

ቤት የሠራችሁ ሰዎች ይህን ባታነቡት ይሻላል፤ ቁስል መነካካት ነው። ያልሠራችሁ ግን ጠጋ በሉ። ሰው ቤት ሠራ ሲባል እንሰማለን እንጂ ቤት ሰውን እንዴት አድርጎ እንደሚሠራው የሚናገር አላጋጠመኝም። እኔን አንዲት ክፍል፣ ያውም አራት ግድግዳና አንድ በር ብቻ ያላት ክፍል፣ ሰቆጣ ከተማ መካከል አስቀምጣ ሠርታኛለች።

ሙያዬን ልንገራችሁና ከዚያ ፍረዱኝ። የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። የሚፈጽሙት ሰዎች ከኮሪደሩ ማዶ ናቸው ይባላል፤ ብዙም አንገናኝም። የችግኝ ዕቅድ አውጥቻለሁ፣ የምንጭ ዕቅድ አውጥቻለሁ፣ አንድ ዓመትም የዕቅድ ዝግጅት ዕቅድ አውጥቻለሁ። ሳይዘገይ የተፈጸመው እሱ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ትብለጥ አባቷን መሪጌታ ሐዲስን ወደ ከተማ ልታመጣቸው ፈለገች። መሪጌታ ሰቆጣ ዙሪያ በሚገኝ አንድ የገጠር ደብር ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ሰውን በድምፁ ከሚለዩበት ደርሰዋል። ከጥምቀት በኋላ የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ወደ ሆስፒታሉ እንደሚመጡ ተሰማ። ችግሩ የኔታ በሰው ላይ መደረብ አይወዱም። ቤታችን አንድ መኝታ ቤትና አንዲት ሳሎን ናት። "በእናንተ ላይ ተጨምሬ የምተኛ ከሆነ ለከርሞ ይቆየኝ፤ ጨለማውን እንደሁ ለምጄዋለሁ" አሉ በስልክ። ትብለጥ ያን ቀን እራት አልበላችም።

ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ልትሠራላቸው ሆነ። ገንዘቡን የላከችው ዐረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራው የትብለጥ እህት ንግሥት ናት። በእኛ በባለሙያዎች አነጋገር ለጋሽ ትባላለች። ትብለጥ "አንድ የሚያውቅ ሰው እናማክር" ስትል ቅር አለኝ። የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ተኝቶ ሳለ።

ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ ለኅዳር ጽዮን የሚያልቅ ዕቅድ አወጣሁ። በቀለም አሳምሬ አትሜ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ትብለጥ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው።

"አረንጓዴው ምንድን ነው?"

"የመሠረት ሥራ።"

"ቢጫው?"

"ግድግዳ።"

"ቀዩስ?"

"እሱ ስጋት ነው። ሥራውን ሊያዘገዩ የሚችሉ ነገሮች።"

"ታዲያ እያወቅህ ለምን አስገባኸው?" አለችኝ።

ስለ ሙያው ግንዛቤ የላትም ብዬ ተውኳት።

ግንበኛችን አያ ኪሮስ ነው። የአያ ኪሮስ እጅ ወርቅ ነው፤ ችግሩ እጁን ይዞ አይመጣም። ቀረ ማለት አይቻልም፤ ሁልጊዜ ነገ ይመጣል። አንድ ቀን ማኅበር አለበት፣ አንድ ቀን ልቅሶ፣ አንድ ቀን አጨዳ፣ አንድ ቀን ደግሞ ምንም የለበትም፤ ግን ያን ዕለት ቅዱስ ሚካኤል ነው። ሲመጣ ከሌላው ግንበኛ የሦስቱን ያህል ይሠራል። ከዚያ የሦስቱን ያህል ያርፋል።

ሌላው ጥፋት የእኔ ነው። አንድ በያጅ ሱቁን ዘግቶ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ሲል ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ የአንበሳ ፊት ያለበት የብረት በር በቅናሽ አገኘሁ። መሠረቱ ገና ከጉልበት አልወጣም። በሩን ግን ገዛሁ። ገንዘቡን ያመጣሁት ለጣራ እንጨትና ለአናጺ ከተያዘው ነው። ይህ በእኛ ቋንቋ የበጀት ዝውውር ነው፤ በትብለጥ ቋንቋ ምን እንደሆነ እዚህ ለመጻፍ አይመችም። በሩ ግቢው ውስጥ ዛፍ ተደግፎ ወራት ቆመ። ጎረቤት ሲመጣ አልፎት ወደ ቤታችን ይገባል፤ አንዳንዱ ቀልደኛ ያንኳኳዋል። በዚያ ላይ ለምረቃው ቀን ትሆናለች ብዬ ከኒሯቅ ገበያ ቀድሜ ያስመጣኋት ፍየል ከበሩ ሥር ታስራ ሁለት ግልገል ወለደች። በፕሮጀክቱ ውስጥ ከዕቅድ በላይ የፈጸመች እሷ ብቻ ናት።

ኅዳር ጽዮን ደርሶ ሲያልፍ ግድግዳው ወገቤ ላይ ነበር። በዚያው ሰሞን ወልዲያ ለሥልጠና ተላክሁ። አሠልጣኙ ረጋ ያለ ሰው ነው። "አፈጻጸሙ ከዕቅዱ እጅግ ሲርቅ፣ በድሮው ዕቅድ መለካት ትርጉም ያጣል" አለ። "ያን ጊዜ በጀቱንና የጊዜ ሰሌዳውን እንደገና ትመሠርታላችሁ። አዲስ ቤዝላይን፣ አዲስ መነሻ ታስቀምጣላችሁ፤ ከዚያ ወዲህ የምትለኩት ከእሱ ነው። ይህን ስታደርጉ ግን..." ሲል የሻይ ሰዓት ደረሰ። ሳምቡሳው ትኩስ ስለነበር ከ"ግን" በኋላ ያለውን አልሰማሁም።

ወደ ሰቆጣ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሙሽራ ፈገግ እያልኩ ነው። እቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ የድሮውን ሰሌዳ ገንጥዬ አዲሱን ለጠፍኩ። ማለቂያው ለገና ሆነ። ጠዋት በጣም የዘገየ ፕሮጀክት ነበረኝ፤ ማታ አንድም ቀን ያልዘገየ ፕሮጀክት ባለቤት ሆንኩ። አንድ ድንጋይ ከቦታው ሳይነሣ። እንዲህ ያለ ደስታ በልጅነቴም አላውቅ።

"ምን ተገኘ?" አለች ትብለጥ።

"አልዘገየንም።"

"አያ ኪሮስ መጣ?"

"አያ ኪሮስ አልመጣም። መነሻው ነው የመጣው።"

ገናም መጣ፤ ከለስኩት፤ ለጥምቀት አልኩት። ነገሩ እንደ ጠላ ነው። የመጀመሪያው ያስፈራል፣ ሁለተኛው ይጣፍጣል፣ በሦስተኛው ሰው ራሱ ጠማቂ የሆነ ይመስለዋል። ንግሥት በየሳምንቱ ፎቶ ትጠይቃለች፣ እኔ እልካለሁ። አንድ ቀን የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። "ወንድሜ፣ ፎቶው ደርሶኛል፤ ተባረክ። ግን የባለፈው አይደለም እንዴ? ያቺ ፍየል እዚያው ቆማለች" አለች። "ፍየሏ ቦታዋን ትወዳለች" ብዬ መለስኩላት።

ጥምቀት ሲቃረብ ግድግዳው አልቆ፣ አንበሳው በር ገብቶ፣ ቆርቆሮው አጥር ጥግ ተከምሮ፣ የቀረን ጣራ ብቻ ነበር። አያ ኪሮስ ደግሞ "ነገ" ላይ ነው። ለጣራ የተያዘው በጀት በሩ ላይ ቆሞ አንበሳ ሆኖ ያየኛል። ያኔ ሦስተኛውንና ትልቁን ክለሳ አደረግሁ። ጣራውን ከፕሮጀክቱ አወጣሁት። "ምዕራፍ ሁለት" አልኩትና ወደ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ወሰድኩት። በምዕራፍ አንድ የቀረ ሥራ አልነበረም። ክፍሏን ከበሩ ፊት ለፊት፣ ሰማዩ እንዳይገባ አድርጌ ፎቶ አነሣሁና ለንግሥት "በተከለሰው ዕቅድ መሠረት መቶ በመቶ ተፈጽሟል" ብዬ ላክሁ።

እሷ ምስኪን ከዚህ ሁሉ የሰማችው "ተፈጽሟል" የሚለውን ነው። ወዲያው ለአባቷ ደወለች። የኔታም ከጥምቀት በኋላ፣ ሐኪሞቹ በሚገቡበት ሳምንት፣ አንድ ቅል ማር ይዘው መኪና ተሳፈሩ።

መናኸሪያ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። እጃቸውን ይዤ ባጃጅ ውስጥ አስገባኋቸው።

"ቤቱ አለቀ አሉኝ" አሉ።

እዚህ ላይ እውነቱን ብናገር በመጡበት መኪና ይመለሳሉ። ዓይናቸው ለከርሞ ይቀራል። ትብለጥ ደግሞ እኔን ለከርሞ አታቆየኝም።

"ምዕራፍ አንድ አልቋል፣ የኔታ።"

"ምዕራፍ አለው እንዴ? እንደ ዳዊት?"

"እንደዚያ ነገር ነው።"

እቤት ስንደርስ ትብለጥ እጃቸውን ስማ፣ እኔን በጎን አይታኝ፣ ከአባቷ ጋር በኽምጣንጋ ማውራት ጀመረች። አባትና ልጅ ስለ እኔ ሲያወሩ ኽምጣንጋ ነው። ተጋብተን ከኖርንበት ጊዜ አንጻር ቋንቋውን መልመድ ነበረብኝ፤ እሱም በዕቅድ ተይዟል። የያዝኳት ቃል "ቆርቆሮ" ብቻ ናት። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ ያላቸው መሰለኝ።

"ኖራው ስላልደረቀ ሌሊቱን እኛ አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ ቀን ቀን ከአዲሱ ቤት ይቀመጣሉ" አልኳቸው። በማግሥቱ ወንበር አስገብቼ አስቀመጥኳቸው። የሰቆጣ ፀሐይ አናታቸው ላይ ነው።

"መስኮቱ ሰፊ ነው መሰል" አሉ፤ "ብርሃኑ ይሰማኛል።"

"ሰፊ ነው፣ የኔታ።"

ከበላያችን ቁራ ጮኸ።

"ቁራው የት ነው ያለው?"

"ቆርቆሮ ላይ ነው።" ውሸት አልነበረም፤ አጥር ጥግ ያለው ቆርቆሮ ላይ ነበር።

"ጥፍሩ አይሰማም።"

"ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው።"

"ልጄ፣ ሥራህ ምን እንደሆነ እስካሁን በቅጡ አልገባኝም" አሉኝ። ወሬ በመለወጣቸው ተደስቼ ስለ ቤዝላይን፣ ስለ አዲስ መነሻ፣ ስለ ክለሳ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

"እንዲህ ያለውስ እኛም ዘንድ አለ" አሉ። "ፋሲካ በአንድ ቀን ቆሞ አያውቅም። አንድ ዓመት ይወጣል፣ አንድ ዓመት ይወርዳል። ግን ከመጋቢት ሃያ ስድስት በታች አይወርድም፣ ከሚያዝያ ሠላሳ በላይ አይወጣም። የእናንተው ክለሳ ወሰኑ ከየት እስከ የት ነው?"

አሰብኩ። "የኛው መውረድ አያውቅም፣ የኔታ። መውጣት ብቻ ነው።"

"እንግዲያ እሱ ፋሲካ አይደለም፤ ዕርገት ነው" አሉ።

በማግሥቱ ሆስፒታል ገብተው አንዱ ዓይናቸው ተሠራ። በፋሻ ተሸፍኖ ሲወጡ ነርሷ "ዛሬ እዚሁ ያድራሉ፤ ነገ ጠዋት ይፈታል" አለች። እኔ ፋሻ እንደ ስብራት ወር የሚቆይ መስሎኝ ነበር።

"ሲስተር፣ የሚፈታበትን ቀን መከለስ ይቻላል?"

"ምኑን?"

"የፋሻውን። እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ቢሆን።"

ነርሷ ወደ ትብለጥ ዞራ "እሱም ታካሚ ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

ትብለጥ ልታስታምም እዚያው ቀረች። እኔ ከሰዓቱን አያ ኪሮስን ስፈልግ ዋልኩ። ሳገኘው ፊቱ በራ። "ነገ በጠዋት ደርሻለሁ" አለኝ። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። የእድራችን ድንኳን። ሰፊ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ግድግዳው ላይ ወጥረን ብናስረው ከውስጥ ሲያዩት ኮርኒስ ይመስላል። በአንድ ዓይን ለሚያይ ሰው ደግሞ ምን ይለየዋል?

የእድሩ ንብረት ጠባቂ አያ ሞላ ከበራፉ ተቀምጦ ነበር።

"አያ ሞላ፣ ድንኳኑን ፈልጌ ነው። ለአሁን።"

ከመቀመጫው ተነሣ። "ለማን ነው?"

"ለየኔታ።"

አያ ሞላ ኮፍያውን አወለቀ። "ሆስፒታል ገቡ ሲሉ ሰምቼ ነበር" አለ በቀስታ።

"አዎ፣ ዛሬ ነው የገቡት። ነገ ጠዋት ይመጣሉ፤ ከዚያ በፊት ማድረስ አለብኝ።"

"እግዚአብሔር ያጽናህ።"

የቤት ሥራ ድካም ገብቶት የተናገረ መሰለኝ። "አሜን፤ እሱ ካላጸናኝ እኔ ምን አቅም አለኝ" አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከመጋዘኑ ድንኳኑን አወጣና ሁለት ጎረምሶች ጨመረልኝ። ሳልጠይቀው ደግሞ አግዳሚ ወንበሮችን አስጫነልኝ። ደግ ሰው ነው አልኩ።

ድንኳኑ አማረ። በእርካታ ተኛሁ።

ጎሕ ሲቀድ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ከሠፈራችን አንድ ሰው አርፏል ማለት ነው። ነፍስ ይማር አልኩ። ማን እንደሆነ ለማጣራት ጊዜ ስላልነበረኝ፣ ከሆስፒታል ስመለስ ቀጥታ እደርሳለሁ ብዬ ጋቢዬን ለብሼ ወጣሁ።

ሆስፒታል ነርሷ ፋሻውን ፈታች። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና ቀስ ብለው ገለጡ። መጀመሪያ ያዩት ትብለጥን ነው። አገጯን በእጃቸው ያዙና ትክ ብለው አይዋት። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ቆይተው ወደ እኔ ተመለከቱ።

"አንተ ነህ?" አሉኝ። "ድምፅህ ወፍራም ነው፤ ትልቅ ሰው መስለኸኝ ነበር።"

በባጃጅ ተመለስን። ወደ ሠፈራችን ስንታጠፍ መንገዱ ሰው በሰው ነው። ባጃጁ ፍጥነቱን እየቀነሰ ሄዶ በራችን ላይ ቆመ። ግቢያችን ሞልቷል። ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፣ ካህናቱም ደርሰዋል። በመካከል አንዲት አልቃሽ እጇን እያወዛወዘች ትገጥማለች።

"ዓይናቸው ሊበራ ወጥተው ከደጃቸው፣
የኔታ ሳያዩት ቀረ ወይ ቤታቸው።"

ሁሉም አስከሬን ከሆስፒታል እስኪመጣ የሚጠብቁ ናቸው። እሱም መጣ፤ በእኔና በልጃቸው መካከል ተቀምጦ። ጡሩምባው ለማን እንደተነፋ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጋቢዬ ውስጥ መጥፋት አማረኝ። ትብለጥ ድንኳኑን አየች፣ ሰውን አየች፣ በመጨረሻ እኔን አየች። አያ ሞላ ያጽናህ ያለኝ ለዚህ ደቂቃ ኖሯል።

የኔታ በትራቸውን ተደግፈው ወረዱ። አልቃሿ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ማማተብ ጀመሩ። ቀጥሎ ሁሉም አማተበ። የኔታ በአዲሱ ዓይናቸው ሰዉን አንድ በአንድ እያዩ ሳይቸኩሉ ወደ መካከል ገቡ።

"ግጥምሽ ቤት ይመታል፣ ልጄ" አሏት አልቃሿን። "ይኸኛው ቤት ነው ጣራ የሌለው።"

መጀመሪያ የሳቀችው ራሷ አልቃሿ ናት፤ እንባዋን ሳትጠርግ። ከዚያ ግቢው በሙሉ ተቀላቀለ። ሳቁም ልቅሶም የማይባል ድምፅ ነበር። አያ ሞላ ራሱን ይዞ "ለማን ነው ስለው ለየኔታ አለኝ" እያለ ለየሰዉ ያስረዳል። እኔ ድንኳኑን የወሰድኩት ኮርኒስ እንዲመስል ብዬ መሆኑን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ባላስረዳ ይሻለኝ ነበር።

"ጣራ እንደሌለው አውቀው ነበር?" አልኳቸው የኔታን።

"ትብለጥ የመጣሁ ዕለት ነግራኛለች። አንተም አጠገባችን ቆመህ ትሰማ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልተመለሱም?"

"'ሰውየው ሰነፍ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፤ ለእኔ ብለህ ቆይልኝ' አለችኝ።" በትራቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ። "በዚያ ላይ ስለ ቁራው የምትለውን መስማት ደስ ብሎኝ ነበር።"

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "ለሞቴ የመጣችሁ ለቤቴ ቆዩልኝ" አሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የትኛውም ዕቅዴ ውስጥ አታገኙትም። ጎልማሶቹ ጋቢያቸውን አጥር ላይ ሰቀሉ። አንዱ ከራሱ ግቢ የተረፈውን ባሕር ዛፍ አመጣ፣ ሌላው መሰላል፣ ሌላው ምስማር። ለልቅሶ የተዘጋጀው ንፍሮ ለሠራተኛ ሆነ። አያ ኪሮስም ከለቀስተኛው መካከል ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ፊት ለፊት ተቀምጦ አገኘሁት። በቃሉ መሠረት በጠዋት ደርሷል። ማንም ሳያዘው መዶሻ ተቀበለና ወጣ። ድንኳኑ ወረደ፣ ማገሩ ተመታ፣ ቆርቆሮው እየተቀባበለ ወደ ላይ ሄደ። እኔም ልረዳ ብዬ መሰላል ላይ ስወጣ ትብለጥ "አንተ ውረድ፤ ምዕራፍ ሦስት እንዳታመጣብን" አለችኝ። ወርጄ ውሃ አቀበልኩ።

ቆርቆሮው ከግማሽ ሲያልፍ ስልኬ ጮኸ። ንግሥት ናት፣ በምስል። ከሠፈራችን አንዷ ልጅ ለቅሶውን ሰምታ እዚያው ዐረብ አገር ላለች ጓደኛዋ ነግራ፣ ጓደኛዋ ለእሷ አድርሳለች። ከፍቼ አየኋት። አሠሪዎቿ ቤት ኩሽና ወለል ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። "እንዴት አትነግሩኝም" ትላለች። ስልኩን ለየኔታ ሰጠኋቸው።

በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ተሠራው ዓይናቸው አስጠጉት። ንግሥት ከሄደች ወዲህ መልኳን አላዩትም፤ ድምፅዋን ብቻ ነበር የሚያውቁት።

"ከስተሻል" አሏት።

እሷ እንደገና አለቀሰች፤ አለቃቀሷ ግን የቅድሙ አልነበረም። ትብለጥ ከአባቷ ትከሻ በላይ አጎንብሳ በኽምጣንጋ ትነግራታለች፤ ምን እንደምትላት ለመገመት ቋንቋ መማር አላስፈለገኝም። በመጨረሻ ንግሥት ዓይኗን ጠርጋ "ቤቱን አሳዩኝ" አለች። የኔታ ስልኩን ወደ ላይ አዞሩት። አያ ኪሮስ አናታችን ላይ ቆሞ ምስማር ይመታል፤ በቀረው ክፍተት ሰማይ ይታያል።

"ወንድሜ" አለች፤ "ይኼ ቤት እኮ አልቋል ብለህ ፎቶውን ልከህልኛል።"

የኔታን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ፤ በደንብ፣ እየለዩኝ።

"ያለቀው አሁን ነው፣ ልጄ" አሉ ወደ ስልኩ። "የበፊቱን እኔም አላየሁትም።"